የጉድጓድ ቁጥር አፈር አይቀልብም

በይፋት ቆላ ከጀውሃ እስከ ሸዋ ሮቢት የተዘረጋው ዋልካ ጥቁር ነው። ጥቁር ስለሆነም ለም ነው ይባላል፤ ገበሬውም፣ ማሳ ተከራዩም፣ አንዳንዴ ባለሙያውም ይህንኑ ይላሉ። የዋልካ ጥቁረት ግን የብዙ ብስባሽ ምስክር አይደለም። ጥቂት የተክል ቅሪት ከሸክላው ጋር ጥብቅ ብሎ ሲያያዝ መሬቱን ያጠቁረዋል። ያው አፈር ላቦራቶሪ ሲገባ ግን ካርቦኑ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው።

ዓይን ቢታለል አይደንቅም። የሚያሳስበው በመማሪያ መጽሐፍ የተደገፈው ስሕተት ነው። በግብርና ኮሌጅ ለዓመታት የተሰጠው ትምህርት እንዲህ ይላል፦ ቅጠልና ፍግ ይበሰብሳል፤ መጨረሻ ላይ ሂዩመስ የሚባል፣ ሞለኪውሉ ግዙፍና ውስብስብ የሆነ፣ ተሕዋስያን በቀላሉ የማይደፍሩት ጥቁር ነገር ይወጣዋል፤ ይህም እንደ ጎተራ እህል አፈር ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል።

የሐሳቡ ሥር ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1786 ጀርመናዊው ፍራንዝ ካርል አኻርድ ረግረግ ውስጥ የተከማቸ ብስባሽ በአልካሊ ዘፍዝፎ ጥቁር ፈሳሽ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ኬሚስቶች አፈርን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እየዘፈዘፉ፣ አሲድ ሲጨመርበት የሚዘቅጠውን ሁሚክ አሲድ፣ ሟሙቶ የሚቀረውን ፉልቪክ አሲድ፣ ከመጀመሪያው ያልሟሟውን ሁሚን አሉት። የመዘፍዘፊያው ፒኤች 13 ገደማ ነው። እንዲህ ያለ አፈር በይፋት ቀርቶ በየትኛውም እርሻ የለም። የወጣው ነገር አፈሩ ውስጥ የነበረ ይሁን ኬሚካሉ የፈጠረው፣ ዘዴው ራሱ አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዮሐንስ ሌማንና ማርከስ ክሌበር ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ይህን ክምር ከሥሩ ነቀነቁት። ሌማን ለእኛ አፈር እንግዳ አይደለም፤ ከኢትዮጵያዊው የአፈር ተመራማሪ ዳዊት ሰለሞን ጋር ደኑ ተመንጥሮ የታረሰውን የሙኔሳንና የውሽውሽን አፈር አጥንቷል። የሁለቱ ጸሐፊዎች ክርክር ሲጠቃለል፣ አፈር ውስጥ ያለው ከሙሉ ገለባ ጀምሮ እስከ ረቂቅ ስኳርና ፕሮቲን ድረስ በየደረጃው እየተሰባበረ የሚሄድ ቅሪት ነው፤ ተሕዋስያን ካገኙት ሁሉንም ይበላሉ። ብዙ ዘመን የሚቆየው ሞለኪውሉ ስለጠነከረ ሳይሆን ስላልደረሱበት ነው፦ በካልሲየም ተይዞ ሸክላ ላይ የተለጠፈ፣ ወይም ጓል ውስጥ የተቆለፈ። ከዚህም ብዙው የራሳቸው የተሕዋስያኑ ሬሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዳንኤል ኦልክና ባልደረቦቹ ለአሮጌው ዘዴ ጥብቅና ቆመዋል፤ ላቦራቶሪዎቹ ይከራከሩበት። ለጀውሃ ማሳ ግን በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ያለው ልዩነት የየዓመት ሒሳብ ነው፦ ጎተራ ከሆነ ይቆያል፤ የሚበላ ከሆነ በየዓመቱ መተካት አለበት።

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ጣርማበርን ወርዶ ይፋት የገባ ሰው የሚጨምርበት ሙቀት ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። በየ10 ዲግሪው የመበስበስ ፍጥነት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ቢታሰብ፣ እርጥበቱ እኩል ከሆነ፣ ደጋ ላይ ሁለት ዓመት የሚቆይ ፍግ እዚህ በአንድ ዓመት ያልቃል። መስኖው ይብሳል። ኤች. ኤፍ. በርች እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳሳየው፣ የደረቀ አፈር ውሃ ባገኘ ቁጥር ተሕዋስያኑ በድንገት ይነሣሉ፤ ካርቦኑ ወደ አየር ይሄዳል። የሽንኩርት ማሳ በቦይ ውሃ ይጠግባል፣ በቆላ ፀሐይ ይደርቃል፣ እንደገና ይጠግባል፤ በየዙሩ ይህ ይደገማል።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ እንየው። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር 2,500 ቶን ያህል ይመዝናል። ካርቦኑ ከመቶ አንድ ከሆነ 25 ቶን አለ ማለት ነው። ከዚህ በዓመት ከመቶ ሁለት ብቻ ቢበሰብስ 500 ኪሎ ካርቦን ይሄዳል፤ አብሮትም 40 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ለተክሉ ይለቀቃል። ይህ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን እምብዛም አያንስም፤ ሰልፍም የለበትም። በቆላ መስኖ ግን ከመቶ አራት ቢሄድ አይገርምም፤ ያኔ የሚጠፋው አንድ ቶን ነው። በሌላ በኩል 50 ኩንታል ኮምፖስት፣ ካርቦኑ ከመቶ 15 ነው ብንል፣ የሚያስገባው 750 ኪሎ ነው። እሱም ቢሆን ትልቁ ክፍሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይተናል።

የኮምፖስት ዘመቻችን ሪፖርት ደግሞ ጉድጓድና ሜትር ኩብ ይቆጥራል። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ተሞላ፣ ተዘገበ። ማሳው ላይ የደረሰው ስንት እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚተካው ጠያቂ የለም። ጎተራ ነው ብሎ ላመነ አንዴ መሙላት ይበቃዋላ! ከሰሞኑ ደግሞ በጠርሙስ የሚሸጥ ሁሚክ አሲድ መጥቷል፤ አብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ቤተሰብ በአልካሊ የሚወጣ ነው። ሥር ያነቃቃል የሚሉ ሙከራዎች አሉ፤ ይሁን። ጥቂት ሊትር በ2,500 ቶን አፈር ላይ ረጭቶ መሬቱን አዳበርኩ ማለት ግን ቀልድ ነው።

ከማሳው ምን ይወጣል የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ሽንኩርት ሥሩ አጭር ነው፤ ተነቅሎ ሲሄድ ለአፈሩ የሚተወው እዚህ ግባ አይባልም። ማሾም ብዙ ጊዜ ከነሥሩ ይነቀላል። ጠቃሚው ማሽላ ነው፤ አገዳው ብዙ፣ ሥሩም ጥልቅ ነው፤ የሥር ካርቦን ደግሞ ከቅጠል ካርቦን ይልቅ አፈር ውስጥ ይቆያል። ነገር ግን የመስኖ ማሳ በሽንኩርት ላይ ሽንኩርት ሲደራረብበት ማሽላው ይገፋል፤ የተዘራውም ቢሆን አገዳው ከብት ይበላዋል፣ አጥር ይሆናል፣ ምድጃ ይገባል።

ገበሬው ይህን የሚያደርገው ባለማወቅ ነው የሚሉትን አልቀበልም። አገዳው ከኅዳር እስከ በልግ ዝናብ የበሬው ቀለብ ነው። ግማሹን ማሳው ላይ ተውልን የሚል ባለሙያ፣ በሬው መጋቢት ላይ ምን እንደሚበላ መልስ ይዞ ይምጣ፦ በቦዩ ዳር የሚበቅል ዝሆኔ ሣር፣ በድንበሩ ላይ የሚተከል ሰስፓንያ፣ ከሁለት ዙር ሽንኩርት በኋላ የሚገባ ማሽላ። መኖው የእንስሳት፣ ኮምፖስቱ የተፈጥሮ ሀብት፣ ዩሪያው የግብዓት ባለሙያ ሥራ ሆኖ በየፋይሉ እስከተቀመጠ ድረስ፣ ያንን አገዳ ለማሳውና ለበሬው ማካፈል ያለ አማካሪ ለገበሬው ይቀራል፤ እሱም በየዓመቱ ለበሬው ይፈርዳል።