ከቦሌ ጋምቤላ ስንት ሰዓት ነው? ለማን?

ካርታ ላይ ማስመሪያ ለሚያሳርፍ ሰው መልሱ ቀላል ነው። ከቦሌ እስከ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 475 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለ ውልብልቢቷ ኪው 400 በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ታደርስዎታለች። ቁርስዎን አዲስ አበባ በልተው ለምሳ የባሮን ዓሣ ማዘዝ ይችላሉ። ታዲያ ጋምቤላ ምኑ ነው ሩቅ?

ቲኬት መግዛት ለሚችል ሰው ምኑም! ለማይችለው ግን በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ቁልቁል የሚወርደው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ አለለት። መንገድ ላይ ማደርም አለ። እኔ በሁለቱም ሄጄባቸዋለሁ። በሰማዩ ባለሥልጣኑ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛውና «ኢንቬስተሩ» ይሄዳሉ። በምድሩ ተማሪው፣ ነጋዴዋና «ሪፈር» የተጻፈለት በሽተኛ። ልብ በሉልኝ ጎበዝ! ጤነኛው ይበርራል፣ በሽተኛው በአውቶቡስ ይንገላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጋምቤላ ሲፈለግ ቅርብ፣ ሲፈልግ ሩቅ ነው።

ታሪኩም ይኸው ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከአዲስ አበባ በበቅሎ ስንትና ስንት ቀን በሚኬድበት በዚያ ዘመን፣ ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ድረስ እየመጣ ቡናችንን ጭኖ ይመለስ ነበር። ቡናው ተፈልጓላ! ርቀት ማን ቆጠረ?

በእኛ ዘመን ደግሞ ተራው የመሬቱ ሆነ። ካሩቱሪ ለተባለው የህንድ ኩባንያ 100 ሺህ ሄክታር ሲሰጠው «ጋምቤላ ሩቅ ነው» ያለ ሹም አልሰማንም። ኩባንያው ያለማው ጥቂቱን ነበር፤ ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች ኑዌር ዞን ገብተው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናት አፍነው ወሰዱ። የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ባንዲራ ዝቅ አለ። ይሁን። ግን ለመሆኑ ሕዝቡን የሚጠብቀው ኃይል ቀድሞ የት ነበር? ለኢንቬስተር የቀረበ አገር ልጇን ለተነጠቀች እናት እንዴት ይርቃል?

አየር መንገዱን ልክሰስ አላልኩም። እሱ ነጋዴ ነው፣ ያውም አገር የሚኮራበት። ጥያቄዬ ለመንግሥት ነው። ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ለተያዘ የጋምቤላ በሽተኛ ወጪው ተሸፍኖ ወንበር ይያዝለት። በሽተኛውን ማምጣት ከበዳችሁ ስፔሻሊስቱን በዚያችው አውሮፕላን ላኩት፤ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ማከም ይጀምራል። በአውቶቡስ የሚመጣውም ሰው በሰላም መድረሱን እርግጠኛ ሆኖ ይሳፈር።

ገንዘብ የለም እንዳትሉን ብቻ። ለስብሰባና ለዎርክሾፕ የሚቆረጠውን ቲኬት፣ የሚከፈለውን ውሎ አበል እናውቃለን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም!