ዝናብ ሲጥል የሚነሳው እጮኛ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የሰነበተው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። እጮኛዋ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ “አቦ አትጨነቂ” ባይ። አብረው መኖር ከጀመሩ ወዲህ ግን ክረምት ሲገባ ሌላ ሰው ይሆንባታል። ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከአልጋው ይነሳል፣ ጫማውን ያጠልቃል፣ እስኪያባራ ድረስ በሩ አጠገብ ይቆማል። “ምን ሆንክ?” ስትለው መልሱ “ምንም” ነው። “የደበቀኝ ነገር ይኖር ይሆን? ወይስ አእምሮው ተነክቷል? ሠርጉ ሳይደርስ ልለየው?” ትላለች።

እህቴ፣ እስቲ ረጋ በይ። እርግጡን መናገር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እኔ ግን የጠረጠርኩት ነገር አለ። ለምን በይኝ? እኔም የድሬ ልጅ ነኛ! እኔም ክረምት ሲገባ ጫማዬን አልጋዬ ሥር ሳላስቀምጥ አልተኛም።

ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ጉዱ ያለው ከበላይ ካሉት የሐረርጌ ተራሮች ነው። እዚያ ዶፍ ሲወርድ የተራቆተው ተራራ ውሃውን አይዝም፣ ቁልቁል ይለቀዋል። ስለዚህ ወንዙ ደረቀ ብሎ መዘናጋት አይቻልም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. እሁድ ሳይነጋ፣ ሰው በተኛበት እንዲያ ሆነ። ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ።

ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከወንዙ ከፍ ያለ ነው። አንዲት እኩያዬ ጓደኛ ነበረችኝ፤ የነሱ ቤት ታች፣ አሸዋው ዳር። ቅዳሜ ማታ ስንጫወት አመሸንና “ዛሬ እናንተ ጋ ልደር” አለችኝ። በጠጠር ጨዋታ ተኳርፈን ነበርና “አይሆንም፣ ሂጂ ቤትሽ!” አልኳት። ሄደች።

ሌሊት እናቴ ጎትታ አስነሳችኝ። ድምፁ ባቡር ሠፈራችን የገባ ነበር የሚመስለው። ሲነጋ የነሱ ቤት በነበረበት ቦታ ድንጋይና ጭቃ ብቻ ነበር። እናትየው ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ተረፉ። ልጅቷ ግን አልተገኘችም።

በመጀመሪያው ሳምንት ያልመጣ አልነበረም። ብርድ ልብስ መጣ፣ ዱቄት መጣ፣ ለቀስተኛ መጣ። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ። ዋናው መከራ የሚጀምረው ታዲያ ያን ጊዜ ነው። ጭቃው ተጠርጎ፣ ገበያው ተመልሶ፣ ሌላው ሰው መሳቅ ሲጀምር አንቺ እዚያው ሌሊት ላይ ትቀሪያለሽ። እናትየውማ አስከሬን እንኳ አላገኙም፤ እርማቸውን በምን ያውጡ? “ብትመጣስ?” እያሉ ለዓመታት በራቸውን ሳይቆልፉ አደሩ። ጎረቤቱ ደግሞ “ኧረ ይርሱት!” ይላቸዋል። ልጅ ይረሳል እንዴ?

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ አዲስ አበባ ልመጣ ስል ልሰናበታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ድንገት ካፌ አመለጠኝ። “ልደር ስትለኝ ከልክያት ነው። እኔ ነኝ የገደልኳት” አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣

“ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ስትለምነኝ ‘ሰው ቤት ማደር የለም’ ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺ እሺ ብትያትም ልኬ አስመጣት ነበር” አሉኝ።

ለካ ለአንድ ጥፋት ሁለት ሰዎች፣ በየፊናችን፣ አሥር ዓመት ሙሉ ራሳችንን ስንከስ ኖረናል! ያን ቀን እስኪመሽ ስለ ልጅቷ አወሩልኝ። የፊት ጥርሷ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ አልወረውርም ብላ በመሐረብ ቋጥራ መደበቋን ሲነግሩኝ ሁለታችንም ሳቅን። ስሟን ሲጠሩ የሰማኋቸው የዚያን ቀን ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከደረሰብኝ ተነስቼ ልምከርሽ። አንደኛ፣ ሌሊት ሲነሳ አብረሽው ተነሺ። መብራቱን አብሪ፣ ሻይ አፍዪ፣ አጠገቡ ተቀመጪ። “ወንድ ልጅ ዝናብ ይፈራል እንዴ?” የምትል ቀልድ እንዳታመልጥሽ! ሁለተኛ፣ “ምን ሆንክ?” የሚለውን ተዪውና ፀሐይ በወጣበት ቀን ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሠፈሩ፣ አብረውት ስላደጉት ጠይቂው። ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ኑሯቸው። የሆነ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁ ከተቀየረ አታቋርጪው፣ “እርሳው”ም አትበይው። ሦስተኛ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከበረታና ሥራውን ከጎዳው የአእምሮ ሐኪም ጋ አብራችሁ ሂዱ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ እብደት አይደለም፤ የታመመ ሁሉ ይታከማል።

መለየቱን ግን አሁን አታስቢው። ሰውዬው ሌሊት ጫማውን አድርጎ በሩ ጋ የሚቆመው ጥሎሽ ሊሄድ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ውሃው ቢመጣ ቀድሞ አንቺን ሊያወጣ ይሆናል። ጠይቂውና የነገረሽን ጻፊልኝ። ሠርጉ ላይም መጥራት እንዳትረሺ!