«ተቀብያለሁ» ያለው ማን ነው?

አጣዬ ከአስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማመልከቻ አስጽፈው ኖሮ፣ «እስቲ ወንድሜ፣ ሳላስገባት አንብብልኝ» አሉኝ። ጉዳዩ የማሾ ሽያጭ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ደላላው ገንዘቡን ተቀብያለሁ አለ።

«ታዲያ ካመነልዎ ምን ቀረ?» አልኳቸው።

«ኧረ የት አምኖ! እኔን እኮ ነው ተቀብለሃል የሚለኝ!»

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ንባብ ያስኬዳል። በአማርኛ የሰው ንግግር ስናወራ «እኔ» የተባለው አንዳንዴ ተናጋሪው፣ አንዳንዴ አውሪው ነው። በአፍ ሲሆን ድምፅና ዓይን ይለዩታል። በወረቀት ላይ ግን ያለን አጥር ትእምርተ ጥቅስ ነው።

እኛ ምሁራን ተብዬዎች የምንጨቃጨቀው በምኑ ነው? ነጠላ ሰረዟ ከጥቅሱ ውስጥ ትግባ ወይስ ውጭ ትደር በሚለው! ይህ ከእንግሊዝኛ የተዋስነው ጠብ ነው፤ አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙበትም። የእኛ «አለ» ንግግሩን ተከትሎ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። «እመጣለሁ» አለ፤ በቃ። «ትመጣለህ?» ሲል ደግሞ የጥያቄ ምልክቱ የንግግሩ ነውና ውስጥ ይቅር። በጥቅሱና በ«አለ» መካከል ሰረዝ መሰንቀር ደጃፍ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ ነው።

«አባቶቻችን ያለ ጥቅስ ምልክት ይጽፉ አልነበረም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይጽፉ ነበር። ግን በግዕዝ «ይቤ» የሚለው ግስ ከንግግሩ ይቀድማል፤ አንባቢ የሰው ቃል እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃል። የአማርኛው «አለ» የሚደርሰው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አጥሩ ከመነሻው ካልቆመ ከብቱ ከጎረቤት ማሳ ይገባል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያቺን ሰረዝ የዘነጋውን ተማሪ ማርክ ቀንሼበታለሁ። ጥቅሱን ራሱን የዘነጋውን ግን «ያው ይገባል» ብዬ አልፌዋለሁ። ይኸው፣ አልገባም!

እስክሪብቶ አውጥቼ አረምኩት፦ ደላላው «ገንዘቡን ተቀብለሃል» አለኝ፤ እኔ ግን አልተቀበልኩም።

ሽማግሌው አስነብበው ሰሙና፣ «አሁን የሱም የሱ፣ የኔም የኔ ሆነ» አሉ።

አስተማሪ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ የትእምርተ ጥቅስን ጥቅም እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም።