ንቅሳቷን ማን አጠፋው?

ባለፈው ኅዳር አንድ ጎልማሳ ወደ ፎቶ ቤታችን መጣ። የእናቱ ሙት ዓመት ደርሶ ትልቅ ፎቶ በፍሬም ማሠራት ፈልጓል። ስልኩን ከፍቶ «ተስተካክሎ አልቋል፤ የእናንተ ሥራ ማሳደግ ብቻ ነው» አለኝ። ጥርት ያለ የሴት ፊት ነው፤ ቆዳዋ ልስልስ ብሏል፣ ዓይኗ ያበራል። አብረውት የመጡት አክስቱ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ።

«እትዬ፣ እማዬ እኮ ናት።»

«እህቴንማ አውቃታለሁ። ንቅሳቷስ የት ሄደ?»

ዋናውን ፎቶ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። በማግስቱ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተነሳ፣ ጥጉ ላይ ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶ ይዞ መጣ። ግንባሯ ላይ ትንሽ መስቀል፣ አንገቷ ዙሪያ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ። የስልኩ ፕሮግራም መስቀሉን እንደ ቆሻሻ፣ የአንገቷን ንቅሳት እንደ ጭረት ቆጥሮ ጠርጎታል። አፍንጫዋን አቅጥኖታል፣ መልኳን አቅልቶታል። ልጁ ይህን አላስተዋለም፤ ፎቶው ስላማረለት ደስ ብሎት ነበር። አልፈረድኩበትም። እናቱን ያጣ ሰው ጥርት ብላ ብትታየው ምን ይጠላል?

ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ኔጋቲቭ በእርሳስ እየነካኩ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በብሩሽ ቀለም እየቀቡ ያደጉ ሰው ነበሩ። እኔ የደረስኩት ፎቶሾፕ ላይ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰባተኛው ፎቶሾፕ ጭረትና ጉድፍ መጠገኛ ብሩሽ ይዞ ሲመጣ፣ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ በጥቂት ሰዓት ማለቅ ጀመረ። እሳቸው ግን ከኋላዬ ቆመው «መጀመሪያ ወረቀቱን እይ፤ ሰውየውን በኋላ ታየዋለህ» ይሉኝ ነበር። ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የእጥፋት መስመር ፊቱንም፣ ልብሱንም፣ ከኋላ ያለውን መጋረጃም አቋርጦ ያልፋል፤ የወረቀቱ ነው። ንቅሳት ግን ከአንገቱ ጋር ይዞራል፣ ከቆዳው አይወጣም፤ የሰውዬው ነው። ሻጋታ፣ የውኃ ጠብታ፣ የማኅተም ቀለም የወረቀቱ ናቸው። ጠባሳ፣ የተነቀለ ጥርስ፣ የግንባር መስመር የሰውዬው ናቸው። የቆዩ የቀለም ፎቶዎች ወደ ቀይ የሚያደሉት ሰማያዊው ቀለም ቀድሞ ስለሚለቅ ነው፤ እሱን መመለስ ትክክለኛ ጥገና ነው። የእናትን መልክ ማቅላት ግን ጥገና አይደለም።

አሁን የመጡት ፊት አጥሪ ፕሮግራሞች ይህን ልዩነት አያውቁም። ከብዥታው ውስጥ የጠፋውን ፊት አያወጡም፤ ቀድሞ ካዩአቸው ፊቶች ተነስተው አዲስ ፊት ይገምታሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ዓለም ይህን በግልጽ አይቶታል። የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሠሩት ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሰው የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ ቢያስገባ፣ ነጭ ሰው ሆኖ ወጣ። ፕሮግራሙ የተመሠረተው ፍሊከር ከተባለው የፎቶ ድረ ገጽ በተሰበሰቡ 70 ሺህ ፊቶች በሠለጠነ ሞዴል ላይ ነበር። ዛሬም በሰፊው ከሚሠራባቸው ፊት ማደሻዎች መካከል በዚያው ክምችት የሠለጠኑ አሉ። የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ያላወቀ መሣሪያ አንገቷን የተነቀሰች እናት ከየት ያውቃል?

«የድሮ ፎቶ ቤቶችስ አያሳምሩም ነበር ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ያሳምሩ ነበር። ኮትና ከረባት ያውሱ ነበር፣ የፊት ጉድፍ በእርሳስ ይሸፍኑ ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን የለበሰው ወዶ ነው፤ ጉድፌን ሸፍኑልኝ ያለውም ራሱ ነው። የሞተ ሰው ይሄን ተዉልኝ፣ ያንን አጥፉልኝ ሊል አይችልም። ስለዚህ ከሕያው ፎቶ ይልቅ በሟች ፎቶ ላይ እጄ ይፈራል። ሊፈራም ይገባል።

መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የገባ ሰው በረድፍ የተሰቀሉትን የተገደሉ ልጆች ፎቶዎች ያስታውሳል። እነዚያን ልጆች አንድ ሰው «ላሳምራቸው» ብሎ ፈገግ ቢያሰኛቸውስ? የማይሆን ነገር እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በክመር ሩዥ አገዛዝ ዘመን ቱል ስሌንግ እስር ቤት ውስጥ የተነሱ የካምቦዲያውያን እስረኞች ፎቶዎች ቀለም ተቀብተው ቫይስ በተባለው መጽሔት ወጡ። ከዋናዎቹ ጋር ሲተያዩ አንዳንዶቹ ፊት ላይ ፈገግታ ተጨምሮበት ተገኘ። ካምቦዲያውያን ተቆጡ፤ የአገሪቱ ባህል ሚኒስቴር አወገዘ፤ መጽሔቱም አነሳው። ልጇን ላጣች እናት ያ ፈገግታ ሁለተኛ ሞት ነው።

ቀለም መቀባትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀይ ጥለትና አረንጓዴ ጥለት በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ማሽኑ አንዱን ይመርጣል፤ እኔ ግን ቤተሰቡን እጠይቃለሁ። የሚያውቅ ከሌለ ጥቁርና ነጩን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ደንበኛው ቅር ቢለውም እንኳ።

ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል፣ ከዓረብ አገር ፎቶ የምትልኩልንም አላችሁ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ መጠኑ ይቀንስና ዝርዝሩ ይጠፋል። ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካላችሁ አትላጡት፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ አምጡት፣ እንዳለ ስካን ይደረጋል። ከታደሰ በኋላም ዋናውን አትጣሉት፤ በወረቀት ፖስታ አድርጉና ከጀርባው በእርሳስ ስም ጻፉበት።

የዚያን ጎልማሳ እናት ፎቶ ከመታወቂያው ላይ እንደገና ሠራሁት። የማኅተሙን ቀለም ከትከሻዋ ላይ ለማንሳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፊቷ ትንሽ ብዥ እንዳለ ነው፤ ወረቀቱ ከዚያ በላይ አልያዘም። አክስቱ ፍሬሙን ተቀብለው የአንገቷን ሦስት ረድፍ በጣታቸው ተከተሉትና ከሁለቱ እህትማማች ማን ቀድሞ እንደተነቀሰ ለልጁ ይነግሩት ጀመር።

የእናንተንም ፎቶ ለማሳደስ ስትመጡ፣ ሰውዬውን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ።