«777» መፍትሔ አይደለም

አንድ ተማሪ የማኅበር አባላትን የሚመዘግብ ድረ ገጽ በፒኤችፒ ቋንቋ አዘጋጀ እንበል። ፕሮግራሙ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን ይሠራል፤ ወደ ሰርቨር ሲዛወር ግን የአባላቱን ስም ፋይል ላይ መጻፍ ይሳነውና «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልእክት ያወጣል። በዚህ ጊዜ ከጓደኛ የሚሰነዘረው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «777 ስጠውና ተገላገል»። መልእክቱ ይጠፋል፤ ተማሪውም እፎይ ይላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ችግሩ ተሸፈነ እንጂ አልተፈታም።

ለመሆኑ ቁጥሩ ምን ማለት ነው? በሊኑክስና በሌሎች የዩኒክስ ዝርያዎች ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ይቆጠራሉ፤ ድምራቸውም 7 ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ለፋይሉ ባለቤት፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ለቀሩት ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚሰጠውን ፈቃድ ያመለክታል። እንግዲህ 777 መስጠት ማለት የቤትን ቁልፍ ለመንደርተኛው ሁሉ እንደ ማደል ነው። ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት ቦታ ደግሞ መንደርተኛው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

መጠየቅ ያለበት «ፈቃዱን እንዴት ላስፋ?» ሳይሆን «ፋይሉን ለመክፈት የሞከረው ማን ነው?» የሚለው ነው። ፕሮግራሙን ራሳችን በትእዛዝ መስመር ስናስኬደው በእኛ ስም ይሠራል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የሚጫነው የአፓቺ ሰርቨር ግን በተለምዶ «ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ ዳታ» በተባለ የተለየ ተጠቃሚ ስም ይሠራል። ፋይሉ የእኛ፣ ከፋቹ ሌላ! ስለዚህ መፍትሔው አንዲት ማኅደር ለይቶ የመጻፍ ፈቃዱን ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ መስጠት፣ ከተቻለም ማኅደሯን ጎብኚ ሊደርስበት ከሚችለው ክፍል ውጭ ማኖር ነው።

«ፋይሉ አልተገኘም» የሚለው መልእክት ደግሞ ሌላ ሕመም ነውና ፈቃድ ማስፋት አይፈውሰውም። ሊኑክስ የላቲን ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል፤ ዊንዶውስ በተለምዶ አይለይም። በቤት የተገኘው ፋይል በሰርቨር ላይ የሚጠፋው አንዳንዴ በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው። ሙሉ አድራሻ ያልተሰጠው ፋይልም ፕሮግራሙ ከየት ተነሥቶ እንደሚፈልገው ስለሚለያይ ሊታጣ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታ ነው። በፒኤችፒ ከትእዛዝ ፊት «አት» የተባለውን ምልክት ማስቀመጥ ማስጠንቀቂያውን ያፍነዋል። ፋይል ላይ የመጻፍ ትእዛዝ ሲከሽፍ «ሐሰት» የሚል ዋጋ ይመልሳል እንጂ በራሱ ፕሮግራሙን አያቆምም። ዋጋውን የሚመረምር ከሌለ ገጹ «ምዝገባዎ ተከናውኗል» ብሎ ያመሰግናል፤ በፋይሉ ውስጥ ግን አንዲት ፊደል እንኳ አልሰፈረችም። ተመዝጋቢው በምስጋናው ተማምኖ ይሄዳል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ስሙ ተፈልጎ ሲታጣ ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስሕተት ለጎብኚ አይታይ፤ በሰርቨሩ የስሕተት መዝገብ ውስጥ ግን ሳይጎድል ይጻፍ። እያንዳንዱ ፋይል የመክፈትና የመጻፍ ትእዛዝ መሳካቱ ይረጋገጥ። ፕሮግራም አዘጋጅ የሚሆን ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ መልመድ የሚገባው መልእክቱን ማጥፋትን ሳይሆን ማንበብን ነው።