ከላይም ከታችም ስለሚበራ የደረጃ መብራት

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ ከሚገነጠልበት ስፍራ የምትገኝ ከተማ መሆኗን ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ማብቀል ከጀመረ ወዲህ፣ በሩዝ ንግድና በሩዝ መፈልፈያ ገንዘብ ያገኙ ሰዎች ባለ ደርብ ቤት ይሠሩባታል። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር ያሰብነው በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ነገር፣ ማለት ስለ ደረጃ መብራት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም አንዲትን አሮጊት ከአልጋ ያዋለ፣ አንድን ወጣትም ለጥቂት ያልገደለ ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይንቀው እንለምናለን።

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን እንደሚያጥለቀልቁት የታወቀ ነው። ይልቁንም በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዘመዳችን ክረምት በገባ ቁጥር እናቱን ከገጠር አምጥቶ በወረታ ቤቱ ያስቀምጣቸዋል። መኝታቸው ከደርቡ ላይ ሲሆን፣ የደረጃው መብራት ማብሪያ ግን ከደረጃው ግርጌ ብቻ ነበረ። አንድ ሌሊት ሲወርዱ እግራቸው እርከን ስቶ ወደቁ። ወጌሻ ተጠርቶ ሲያሻቸው ልጃቸውን እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ መብራቱ የሚበራው ከታች ነው፤ እኔ ያለሁት ከላይ ነው። ታዲያ መብራት ለማብራት መጀመሪያ በጨለማ ልውረድ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ዘዴ አሮጌ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ተራው ማብሪያ ማጥፊያ ሁለት ብሎን ያለው ሲሆን ሥራው መንገዱን መዝጋትና መክፈት ብቻ ነው። ሠራተኞች «ቱ ዌይ» የሚሉት ሁለተኛው ዐይነት ግን ሦስት ብሎን አለው፤ አንዱ ዋና፣ ሁለቱ ቅርንጫፍ። ይህ ማብሪያ መንገዱን ፈጽሞ አይዘጋም፤ ዋናውን አንድ ጊዜ ከቀኙ፣ አንድ ጊዜ ከግራው ቅርንጫፍ ጋር ያገናኛል እንጂ። ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ ይደረግና በሁለቱ መካከል ሁለት ሽቦ ይዘረጋል። ኀይል ያለበት ሽቦ፣ ማለት ፌዙ፣ ከታችኛው ዋና ብሎን ይገባል፤ ከላይኛው ዋና ብሎን ወጥቶ ወደ አምፖሉ ይሄዳል።

ከጉማራ ውኃ በሞተር ስቦ ሽንኩርት ያጠጣ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ውኃው ከራስጌ በአንድ ቦይ መጥቶ ለሁለት ተከፍሎ ጎን ለጎን ይወርዳል እንበል። በራስጌው ያለው ልጅ በዶማው አንዱን ቦይ ደፍኖ ሌላውን ይከፍታል፤ በግርጌው ያለውም ልጅ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ ልጆች አንዱን ቦይ ከከፈቱ ውኃው ከእርሻው ይደርሳል፤ የተለያየ ቦይ ከከፈቱ ግን ይቆማል። ስለዚህ ከሁለቱ ማንኛውም ልጅ ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ፣ የሚፈሰው ይቆማል፣ የቆመውም ይፈሳል። ማብሪያዎቹም እንዲሁ ናቸው። አራት ዐይነት አቋቋም አላቸው፤ በሁለቱ ይበራል፣ በሁለቱ ይጠፋል።

ደረጃው ረጅም ሆኖ በመካከሉ ማረፊያ ያለው እንደ ሆነ፣ ወይም ቤቱ ሁለት ደርብ እንደ ሆነ፣ በሁለቱ መካከል ሌላ ማብሪያ ይገባል። ይህኛው «ኢንተርሚዲየት» ይባላል፤ አራት ብሎን አለው። ሥራው ሁለቱን ቦዮች አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ፣ አንድ ጊዜም አሻግሮ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ማብሪያ የፈለገ ሰው ከዚሁ ዐይነት በመካከል ይጨምር፤ በሁለቱ ዳር ያሉት ግን ምንጊዜም «ቱ ዌይ» ናቸው። መብራት በጠፋ ምሽት ይህ ነገር ያስቃል። በደረጃው የወጣና የወረደ ሁሉ ይጫነዋል፤ ኀይሉ እኩለ ሌሊት ሲመለስ ደረጃው በርቶ ይደር ወይም ጨለማ ይሁን የሚወስነው የተጫኑት ሰዎች ቁጥር ጎዶሎ ወይም ሙሉ መሆኑ ነው።

ዘመዳችን ይህን ሊያሠራ ሠራተኛ ጠራ። ጐልማሳው እጁ ፈጣን ነበረ፤ ሁለቱን ሽቦ በቱቦው ውስጥ አሳልፎ፣ ማብሪያዎቹን አሰረና ወደ አምፖሉ መጣ። አምፖሉ የተሰቀለው ከደርቡ ጣሪያ ላይ ነው፤ ለመብራትም ፌዝ ብቻ አይበቃውም፤ መመለሻው ሽቦ፣ ማለት ኒውትራሉ፣ ያስፈልገዋል። «ጋሼ፣ ሌላ ሽቦ ከታች ድረስ ለምን እንስባለን? እዚሁ ከላይኛው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል አለልን» አለ። ዘመዳችንም «አንተ ታውቃለህ» አለው። እኛም በስፍራው ቆመን ሰምተን ዝም አልን። መብራቱ ከላይም ከታችም በራ፤ እናቲቱም መረቁት።

አንባቢ ልብ ይበል፤ የዚያ ቤት ምድር ቤትና ደርብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ብሬከር አላቸው። የደረጃው መብራት እንግዲህ ኀይሉን ከምድር ቤቱ ተቀብሎ የሚመልሰው በደርቡ ሽቦ ሆነ። ጥቂት ሳምንት አልፎ ለደርቡ ክፍል ሌላ መብራት ሊጨምር የመጣው ወጣት ሠራተኛ እንደ ደንቡ የደርቡን ብሬከር አጠፋ፤ የክፍሉ መብራት መጥፋቱን አየ፤ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳጥኑን ከፈተ። ከታች ግን አንድ ሰው የደረጃውን መብራት አብርቶት ነበር። ወጣቱ በአንድነት የታሰሩትን ኒውትራሎች ሲፈታ፣ ከምድር ቤቱ በአምፖሉ በኩል የሚመጣው 220 ቮልት መመለሻ አጥቶ በእጁ ቆመ። መትቶት ከመሰላሉ ወደቀ። እግዚአብሔር አተረፈው፤ ጣቱ ግን ተቃጥሎ ነበር። ብሬከሩን ያጠፋ ሰው ኀይል የለም ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ የፈረድነው በራሳችን ዝምታ ነው።

ሥራው እንደ ገና የተስተካከለው በአንድ ጠዋት ነው። በዚያው ቱቦ ውስጥ ከሁለቱ ሽቦ ጋር ሦስተኛ ሽቦ ተሳበ፤ ይኸውም የምድር ቤቱ ኒውትራል ነው። የላይኛው ኒውትራል ከአምፖሉ ተፈትቶ ለብቻው በናስትሮ ተጠቀለለ። የወጣው ሽቦ ጥቂት ሜትር ነው፤ የዳነው ገንዘብ ለአንድ ቀን ምሳ እንኳ አይበቃም ነበር። የአምፖሉ ማቀፊያ ብረት ከሆነ የመሬቱ ሽቦም አራተኛ ሆኖ አብሮ ይሄዳል። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለበትን የመሬት ሽቦ ግን ለቅርንጫፍ መንገድ የሚጠቀምበት ሠራተኛ ካለ ከሥራው ያስቁሙት።

ሽቦ የሚቆጥቡበት ሌላ መንገድም አለ፤ እርሱም ፌዙንና ኒውትራሉን ለየማብሪያው ሰጥቶ አምፖሉን በሁለቱ መካከል ማሰር ነው። ይህም ይበራል፣ ይጠፋል። ነገር ግን በአንደኛው አጠፋፍ የአምፖሉ ሁለት ወገን በሙሉ ፌዝ ይዞ ይቀራል፤ ጨለማ ነው ብሎ አምፖል ሊቀይር ጣቱን ያስገባ ሰው ይመታል። በአንዳንድ አሮጌ ቤት ስለሚገኝ፣ ቤት የገዛ ሰው ያስመርምር።

እነዚህ ማብሪያዎች ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጫናቸው የኀይልን መኖርና አለመኖር አይናገርም፤ እርግጡን የሚናገረው በብሎኑ ላይ የተደረገው ቴስተር ነው። ሥራ ያሠራ የቤት ጌታም ሠራተኛው ገንዘቡን ሳይቀበል በፊት የምድር ቤቱን ብሬከር ብቻ ያጥፋ፤ የደረጃው መብራት መጥፋት አለበት። ከዚያ መልሶ አብርቶ የደርቡን ብቻ ያጥፋ፤ በትክክል የታሰረ እንደ ሆነ የደረጃው መብራት ንቅንቅ አይልም። ምንም እንኳ ይህ ፈተና ቢታለፍ፣ ኒውትራሉ ከየት እንደመጣ በዐይን ማየት ይገባል፤ በዚያ ቤት የተበደረው ኒውትራል ስለ ነበረ ፈተናውን ያልፍ ነበርና። ለየደርቡ የመሬት ፍሳሽ የሚጠብቅ ብሬከር በተሰቀለበት ቤት ግን ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል፤ የሄደውና የተመለሰው ኀይል እኩል ስለማይሆን መብራቱ በበራ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል። ሠራተኛ «ብሬከሩ ተበላሽቷል፤ እንቀይረው» ሲል መጀመሪያ የደረጃውን መብራት ይጠይቁት።

የዘመዳችን እናት አሁን ከላይ ሆነው ያበራሉ፤ ወርደው ከታች ያጠፋሉ። ባለፈው ስንጠይቃቸው አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፤ እርሳቸው ከላይ ሲያበሩ የልጅ ልጃቸው ከታች በዚያው ቅጽበት ተጭኖ ያጠፋባቸዋል። «ይህን ልጅ የሚከለክል ሽቦ የላችሁም?» አሉን።