ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ሰውዬው ካረፉ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ባለቤታቸው ከገጠር መጥተው መሐል ሜዳ ካለ አንድ ኮፒ ቤት ገቡ። ያኔ ለተዝካሩ የተሠራው ባነር ፋይሉ ስላለ፣ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሮ ለመታሰቢያው እንደገና እንዲታተምላቸው ነው የፈለጉት። ፋይሉ ተከፈተ፤ ባርኔጣው፣ ጋቢው፣ ከጀርባ ያለው መስቀል ሁሉም እንደነበረ ነው። የኮፒ ቤቱ ልጅ ዓመቱን ሊቀይር ጽሑፉ ላይ ሲጫን ግን የሟቹ ስም በአንድ ጊዜ ወደ ላቲን ፊደልና ወደ ነጠላ ሰረዝ ክምር ተለወጠ። «ልጄ፣ ስሙን ምን አደረግኸው?» አሉት እናታችን። እኔም ወረቀት ኮፒ ላስደርግ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ስሙ አልጠፋም። የተናደድኩት ቀጥሎ በሆነው ነው። ልጁ አዲስ አበባ ወዳለ ጓደኛው ደወለ፤ ጓደኛውም «ፎቶሾፕህ አርጅቷል፣ አዲሱን ጫን» አለው። አዲሱ የሚባለው በፍላሽ መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ኖሯል። መጫኛው ጀምሮ ቆመ። እንደገና ተሞከረ፣ እንደገና ቆመ። ከዚያ ከፍላሹ ጋር የመጣው የመመሪያ ጽሑፍ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ስለሚል ሊያጠፋ እጁን ሲሰነዝር፣ በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ የጮኽኩበት ነገር ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

በሽታው ፊደሉ ላይ፣ መድኃኒቱ ፎቶሾፑ ላይ! በዞናችን ካሉት ኮፒ ቤቶች ስንቱ ጉልበቱን በዚህ እንደሚጨርስ የሚያውቀው ሠራተኛው ነው። የዚህ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ባለፈው ዓመት ተበላሽቶ ፎርማት ተደርጓል። ሥራዎቹ ዲ ላይ ስለነበሩ ተርፈዋል፤ ሲ ላይ የነበረው የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል ግን አብሮ ተጠርጓል። ባነሩ የተጻፈው በዚያ ፊደል ነው። አዲሱ ፎቶሾፕ ቢጫን እንኳ ያ ፊደል እስካልተመለሰ ድረስ ስሙን በግዕዝ አያነበውም።

መጫኛው ለምን እንደቆመ ለማወቅም ብዙ መድከም አያስፈልግም ነበር። ማሽኑ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ነው። ፎቶሾፕ ደግሞ እ.አ.አ. ከ2019ኙ ዕትም ጀምሮ በባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። «ኮምፒውተር» የሚለው ላይ በቀኝ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን መክፈት ነው፤ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ይህን ሳያዩ መጫን ለመጀመር መቻኮል የሙያው ሁሉ ልማድ ሆኗል። አንድ የዲ.ኤል.ኤል ፋይል ጎደለ የሚል መልእክት ሲመጣም እንዲሁ ነው፦ ፋይሏን ለብቻዋ ከማይታወቅ ቦታ አምጥቶ መወርወር ይቀድማል። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ነው፤ በነፃ የሚገኘውን ሙሉ ጥቅል መጫን ይበቃል።

ያን ቀን ያዳነን አንድ ቀላል ነገር ነው። ፎቶሾፕ ፊደሉ የጠፋበትን ጽሑፍ እስካልነኩት ድረስ እንደ ሥዕል አድርጎ የያዘውን የድሮ መልኩን ያሳያል፤ የሚበላሸው ሊያርሙት ሲነኩት ነው። ፋይሉን ሳናስቀምጥ ዘጋነው፣ እንደገና ከፈትነው፣ ጽሑፉን ሳንነካ በሥዕል መልክ አወጣነው። በሥዕሉ ላይ አሮጌውን ዓመት ሸፍነን አዲሱን በኒያላ ፊደል ጻፍንበት። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ስለነበር ዊንዶውስ 7 ላይ ሳይፈለግ አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ከተጨማሪ ፊደሎች ጎራ ገብቶ ለብቻው የሚወርድ ሆኗል፤ አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሁሉ «ኒያላ የት ሄደ?» የሚለው ለዚህ ነው። ማውረጃ ኢንተርኔት ከሌለ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ በፍላሽ መያዝ ይቻላል። ሁለቱም በፈቃዳቸው ነፃ ናቸው፤ ለጓደኛ መስጠቱም የተፈቀደ ነው።

«ፊደላችን ለኮምፒውተር ስለማይመች ነው» የሚሉ አንባቢዎች አሁንም ይጽፉልኛል። አሁን ግን ሰልችቶኛል። ግዕዝ እ.አ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ አግኝቷል። ከዚያ በፊት አንድ የኮምፒውተር ፊደል ከ256 ምልክት በላይ አይዝም ነበር፤ የእኛ ደግሞ 33ቱ በሰባት ቤት ብቻ 231 ሲሆኑ፣ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመሩ ከልኩ ያልፋሉ። ስለዚህ ቪዥዋል ግዕዝም፣ የድሮው ፓወር ግዕዝም፣ አጋፋሪም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መላ የላቲን ፊደሎችን ቦታ ወስደው ሠሩ። እነዚያ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ የአገሬ ጋዜጣና መጽሐፍ በኮምፒውተር አይለቀምም ነበር፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ጥፋቱ፣ ዩኒኮድ ይህን ያህል ዘመን ካስቆጠረ በኋላ ዛሬም የሠርግ ካርድና የዕድር ደንብ በአሮጌው ፊደል መጻፋችን ነው። እነዚያን ፊደሎች አሮጌ ሥራ ለመክፈት እንያዛቸው፤ አዲስ ሥራ ግን አንጀምርባቸው።

ክራክን፣ ማለትም በዚያ ፍላሽ እንደመጣው ፈቃዱ ተሰብሮ የሚዞረውን ፕሮግራም፣ በተመለከተ ከእኔ ጋር የሚሟገቱት «ድሃ ነን፣ ምን እናድርግ» ይላሉ። የመንዝ ልጅ የዶላር ካርድ ከየትም እንደማያመጣ አውቃለሁ። አዶቤ ከ2013 (እ.አ.አ.) ወዲህ የፎቶሾፕን አዳዲስ ዕትሞች አንዴ ሸጦ የሚለይ ሳይሆን በየጊዜው የሚያስከፍል እንደሆነም አውቃለሁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት፣ ከፍሎም ቢሆን ፈቃድ የሚያሳድስበት መንገድ የሌለው ስንት ባለሙያ እንደነበር ቆሜ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንቲቫይረስ አጥፉ የሚላችሁ ሰው ቤቱን ክፍት አድርገህ ሂድ እንደሚል እንግዳ ነው። ዓለም ከተማ ላይ አንድ ሱቅ ያለ የሌለ ፋይሉ ተቆልፎ፣ በየፋይሉ ስም ላይ የማይታወቅ ቅጥያ ተለጥፎ አይቻለሁ። ስቶፕ ዲጄቩ የሚባለው ቫይረስ በተለይ በክራክ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚዞረው። ፋይሎችን ይቆልፍና 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ዶላር ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ትቶ ይሄዳል። የተማሪዎች የምስክር ወረቀት፣ የማኅበር ማኅተም፣ የሰው ሠርግ አብሮ ሄደ። የሱቁ ወጣት ለወር ያህል ደንበኛ ሲመጣ ዓይኑን መሬት ላይ እየተከለ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ እንደሚጠብቅ ልነግረው አልፈለግሁም፤ የደረሰበት ይበቃዋል።

ለእሱ የነገርኩት ጂምፕ ስለሚባለው የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ክራክ የለውም፣ ፈቃድ የሚያሳድስለት አይፈልግም። የ2.10 ዕትም በዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራል፤ 3.0 ግን ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል፤ ስለዚህ አሮጌ ማሽን ያለው አዲሱን ሳይሆን የሚስማማውን ይውሰድ። ማስታወቂያ መሳል ለሚወድ ደግሞ ኢንክስኬፕ አለ። የማተሚያ ቤት ቀለም አያያዝ ላይ ጂምፕ ከፎቶሾፕ እንደሚያንስ አልክድም፤ ግን የኛ ባነር ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚሄደው በሥዕል ፋይል ነው። ሌላም ጥቅም አግኝቼበታለሁ። ጂምፕ 2.10 የፎቶሾፕ ፋይል ሲከፍት ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ አይወስደውም፣ እንደ ሥዕል ነው የሚያስገባው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያያል። ፊደሉ ለጠፋበት ባነር ግን ይኸው ጉድለት ስሙን እንደነበረ ያወጣዋል።

ስለ ባነር ብጀምርም ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ሌላው ነው። የድሮ ፊደል የያዘው ባነር ብቻ አይደለም። በፔጅሜከር የተለቀመ መጽሐፍ አለ፤ ተተኪው ኢንዲዛይን እስከ ሲኤስ6 ዕትሙ ድረስ ይከፍተዋል፣ ከዚያ በኋላ የመጡት አይከፍቱትም። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የመቃብርና የክርስትና መዝገብ፣ የተፈናቃይ ዝርዝር ሁሉ በየዲስኩ በእነዚህ ፊደሎች ተከማችቷል። በዩኒኮድ ስላልተጻፈ አንድ ስም ብትፈልግበት አታገኘውም፤ ለኮምፒውተሩ ስም ሳይሆን የላቲን ምልክት ነውና። ከፊደሉ ጋር ማሽኑ ከተሸጠ ደግሞ ማን ምን እንደተቀበለ፣ ማን የት እንደተቀበረ የሚናገር ወረቀት ካልተረፈ በስተቀር አይገኝም። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍትን ምን ያህል ዘመን አሻግረው እንዳቆዩ እናውቃለን። እኛ ግን የአሥር ዓመት ፋይል ለመክፈት ተቸግረናል። ይህ ያስቆጨኛል፤ በዚህ ላይ ቀልድ አልወድም።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የዲዛይን ትምህርት ሲሰጡ ከፎቶሾፕ ቁልፎች ይልቅ ይህን ቀድመው ያስተምሩ፦ ፊደል ምንድን ነው፣ የት ይቀመጣል፣ ፋይሉን ስትልክ ፊደሉን አብረህ ላክ፤ የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መቀየር እንዴት ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ሞላሌ ወይም ራቤል ላይ ቢቀመጥ እንጀራውን ያገኛል፤ ወረዳውም ማኅደሩን ያገኛል።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር አደራ። ኮምፒውተራችሁን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ማኅደር ሙሉውን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቪዥዋል ግዕዝ የተጫነበት አሮጌ ማሽን ያላችሁም፣ ሳጥኑ ባይሠራ እንኳ ዲስኩ ውስጥ ፊደሉ ይኖራልና ለቁራሌው ከመሸጣችሁ በፊት ዲስኩን ፈታችሁ አውጡት።